አለፍሽው፤ ወራጅ አለ

ብስራተ ገብርኤል መልስ የሚቸግረው ሰው አይኖርበትም። ረዳቱ «ሳር ቤት! ሳር ቤት!» ብሎ ሲጣራ «ክብሪት ይዣለሁ፣ ልግባ?» የሚል ተሳፋሪ የሚገኝበት ሰፈር ነው። እኔም እዚሁ ስላደግሁ መልስ ለመስጠት ተራ ጠብቄ አላውቅም። «ይሄ ምላስህ አንድ ቀን ያስነክስሃል» ይሉኝ ነበር። ትንቢቱ ደረሰ፤ የተነከሰው ግን ምላሴ አይደለም።

ዕለቱ 19 ነው፤ የገብርኤል ቀን። የግቢያችን ውሃ በፈረቃ ይመጣል ይባላል፤ በዚያ ሳምንት ውሃውም ፈረቃውም አብረው ጠፍተዋል። ሰባት ፓንት አለኝ፤ ሰባቱም ሳፋ ውስጥ ተደራርበው ውሃ ይጠብቃሉ። ከቅዳሴ የሚመለሰው ነጠላ ለባሽ መንገዱን ሳይሞላው ታክሲ ልያዝ ብዬ፣ ጂንሱን ያለ ፓንት አጠለቅሁና ዚፑን በአንድ ትንፋሽ ሽቅብ ሳብኩት።

የወጣኝ ጩኸት ለድምፅ ማጉያ አይመችም። አከራዬ እትዬ እየሮጡ መጥተው በሩን አንኳኩ።

«ምን ሆንክ ልጄ?»

«ተነክሼ ነው፣ እትዬ።»

«ምን ነከሰህ?»

«ሱሪ።»

«ግቢው ውሻ የለውም ብዬ ነው ያከራየሁህ። ለሱሪ ዋስ አልሆንኩም።»

ይህን ሁሉ ያሉት በሩን ሳይከፍቱ ነው፤ እግዜር ይስጣቸው። ወዲያው ከበራችን ሥር በሲንጀር የሚሰፉትን ጋሼን ጠርተው ላኩልኝ። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ገቡ፤ አዩና መነጽራቸውን አወረዱ፤ ደግመው አዩ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ያላቅቁኝ።»

«እኔ የምጠግነው ሱሪ ነው። ባለሱሪውን የሚጠግን ሌላ ነው።»

«እንግዲያው ራሴ ወደ ታች ልሳበው?»

እጄን መቱኝ። «አትንካው! ጨርቅ በዚፕ ሲያዝ የሚጎትት ጅል ይቀደድበታል። ጨርቅ ሲቀደድ እጥፋለሁ። አንተን በየትኛው እራፊ ልጣፍህ?»

ሠላሳ ዓመት ከዚፕ ጋር የኖረ ሰው የተናገረውን በኋላ ክሊኒክ ያከመችኝ ሲስተርም ደገመችው፤ መጎተት ጭረቱን ቁስል ያደርገዋል። ጋሼ ጂንሱን በዚፑ ዙሪያ በመቀስ ቆርጠው ከላዬ አነሱልኝ፤ ክብደቱ እንዳይጎትተኝ። መቀሱ ሲጠጋ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አይዞህ» አሉ፣ «በ8 ቀንህ ተገርዘህ ጨርሰሃል። ሁለተኛ ዙር የለም።»

የእትዬን ጋቢ አገለደምኩና ጓደኛዬ በቪትዙ መጣልኝ። ከቤታችን እስከ ክሊኒኩ ስንት የፍጥነት መገደቢያ እንዳለ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ፤ አንድ በአንድ ቆጥሬአቸዋለሁ። ፑሽኪን አደባባይ ስንደርስ ጓደኛዬ ሊያጽናናኝ ጀመረ።

«ፑሽኪን እንዴት እንደሞተ ታውቃለህ? እ.ኤ.አ. በ1837 በሽጉጥ ፍልሚያ ሆዱን ተመትቶ በ2 ቀኑ።»

«እኔን የመታኝ ዚፕ ነው!»

«እሱማ ትልቅ ገጣሚ ስለነበረ በሽጉጥ መቱት። ላንተ ዚፕ ይበቃል።»

ክሊኒኩ ደረስን። ካርድ ክፍሉ መስኮት አለው፤ ከመስኮቱ ኋላ አንዲት ልጅ፣ ከኔ ኋላ ደግሞ ዘጠኝ ሰው።

«ምንህን ነው ያመመህ?»

«ታች ነው።»

«እግርህን?»

«ከፍ በይ።»

«ጉልበትህን?»

«አሁንም ከፍ በይ፣ እህቴ።»

«ሆድህን?»

«አለፍሽው፤ ወራጅ አለ።»

ዘጠኙም ሳቁ። ልጅቷ አልሳቀችም። «ስሙ የለውም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በዓለም ላይ ያለውን ሁሉ የምሰድብበት አፍ ያለኝ ሰው፣ ሲጨንቀኝ «እንትን» አልኩ፤ ቀጥሎ «ታችኛው» አልኩ፤ ቀጥሎ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ብልቴን» አልኩ። ጓደኛዬ ከጎኔ ሆኖ «የዶሮ ብልት 12 ነው፤ የትኛውን?» አለ። ነገሩ ከዚፑ ይልቅ እዚህ ላይ ነው የሚያመው። ክርኑን የተጎዳ ሰው «ክርኔ» ይላል፤ ተሰልፎ ይታከማል። ይህቺን የተጎዳ ሰው ግን ቃል ሲፈልግ ያመሻል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ብልት ብያለሁ፤ የሚያፍር ገጹን ይገልብጥ።

ተራዬ ሲደርስ አንዲት እናት ሦስት ዓመት የሚሆነው ወንድ ልጅ አቅፋ ገባች። ልጁ ግርዛቱ «ሲበረታ» እየተባለ ያደረ ነው። ገላውን ስታጥበው ሸለፈቱን ወደ ኋላ ገልጣ ነበር፤ አልመለስ ብሎ ጫፉ አብጧል። ሲስተሯ እኔን በእጇ አስቁማ እሱን አስገባች።

«ሲስተር፣ ተራው የኔ ነበር።»

«ያንተ ዚፕ የትም አይሄድም። የዚህ ልጅ ደም ግን መንገድ ተዘግቶበታል።»

ጣት ላይ ላስቲክ ጠምጥሞ እንደ መተው ነው አለችኝ በኋላ፤ የተገለጠው ቆዳ ቀለበት ሆኖ ያንቃል፣ ጫፉ ያብጣል፣ ባበጠ ቁጥር ቀለበቱ ይጠብቃል። እንዲህ ያለው ነገር ለነገ አይባልም። በአገራችን ከ10 ወንድ 9ኙ የተገረዘ ስለሆነ ብዙዎቻችን አናውቀውም፤ ያልተገረዘ ልጅ ያላችሁ ግን ስትገልጡ መልሳችሁ መሸፈን አትርሱ፤ በራሱ የማይገለጠውን የሕፃን ቆዳም አታስገድዱት።

አሁን የኔ ተራ።

«ከተያዝክ ስንት ሰዓት ሆነህ?»

«አንድ ሰዓት አይሞላም።»

«ጎበዝ። ሁለት ቀን ጋቢ ለብሰው ቤታቸው የሚቀመጡ አሉ።»

«ምን እየጠበቁ?»

«ዚፑ ይቅርታ እንዲጠይቃቸው።»

መጀመሪያ ፓራፊን ዘይት አፍስሳ ጥቂት ደቂቃ አቆየችው፤ አንዳንዱ በዚሁ ብቻ ተንሸራቶ ይለቃል። የኔው አልለቀቀም። ማደንዘዣ ወጋችኝ። (መርፌው የገባበትን ቦታ አልጽፍም፤ አንባቢም ምሳ ይበላል።) ከዚያ ከብረት ዕቃዎቿ መሃል መቁረጫ ፒንሳ አወጣች። ዚፕን ቀርባችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? የምትወጣና የምትወርደዋ ጭንቅላት ሁለት ትንንሽ ሳህን ናት፤ አንዱ በፊት፣ አንዱ በኋላ። ሁለቱን የምታያይዝ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ የብረት ድልድይ መሃላቸው አለች። ያቺ ድልድይ ከተቆረጠች ሳህኖቹ ለየብቻ ይወድቃሉ፤ ጥርሶቹም የያዙትን ይለቃሉ።

«ድልድይዋን አፍርሼ አንተን አወጣለሁ» አለች።

«በዚህ ከተማ ሲፈርስ ለልማት ነው ይባላል። ካሳ አለው፣ ሲስተር?»

«ምትክ ቦታ የለኝም። ዝም ብለህ ተኛ።»

ቀጭ አለ። ሁለቱ ሳህኖች ትሪው ላይ ተንኮሻኮሹ። የቀረው የቆዳ ጭረትና ምስር የምታህል ሰማያዊ እብጠት ብቻ ነው፤ ስፌት እንኳ አልፈለገም። በጩኸቴ ልክ ስላልሆነ ትንሽ አፈርኩ።

«የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቼ ወሰድክ?»

«እሱ የነፍሰ ጡሮች አይደለም እንዴ?»

«ዚፕህ ነፍሰ ጡር መሆንህን ይጠይቃል?»

ሴቶቻችን በእርግዝና ጊዜ ስለሚከተቡ ቴታነስ የሴት ጉዳይ መስሎን ኖረናል። ዝገትና ቆሻሻ የነካው ቁስል ላይ ግን ባክቴሪያው ጾታ አይለይም። ለተረበኛ ደግሞ መንጋጋ ከሚቆልፍ በሽታ የባሰ ምን ሊመጣ ነው? ክንዴን ሰጠኋት።

ከዚያ የቤት ሥራዬን ዘረዘረችልኝ። ንጹሕ ውሃና ለስላሳ ሳሙና፤ ሳይፈትጉ፣ አደራርቆ ስስ ቫዝሊን። ለእብጠቱ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በመጀመሪያው ቀንና በማግስቱ ደጋግሞ።

«በረዶውን በቀጥታ ባደርገውስ? ቶሎ እንዲሠራ።»

«ሥጋ ነው እንዴ የምታስቀምጠው?» አለች። በረዶ ቆዳን በቀጥታ ሲነካ ያቃጥላል።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል። ደም እየመጣ አስፕሪን አይዋጥም፤ ደም ያቀጥናል። ደግፎ የሚይዝ ፓንትም ያስፈልጋል አለች። ፓንት ስትል ዝም አልኩ። ስለ ሰባቱ ልነግራት አልፈለግሁም።

«ባለቤት አለህ?»

«እጮኛ አለችኝ።»

«ቁስሉ ጨርሶ እስኪድን፣ ሕመሙም እስኪጠፋ የለም በላት። እንዲህ ያለ ጭረት ሳምንት፣ ግፋ ቢል ሁለት ሳምንት ነው።»

«ጾም ነው ልበላት?»

«በል። አንተም የጾም ነው ብለህ በእጅህ እንዳትነካካው።»

«መቼ ልመለስ?»

«ባትመለስ ደስ ይለኛል» ካለች በኋላ ወንበሯን ወደኔ አዞረች፤ የተረብ ፊቷን አነሳችው። ደም ቢመጣ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገህ ያዝ፤ በየደቂቃው ገልጠህ አትይ፤ 15 ደቂቃ ይዘህ ካልቆመ ና። እብጠቱ ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ ና። ሽንት እምቢ ካለህ ወይም ደም ከቀላቀለ ያኔውኑ ና፤ የሽንት ቧንቧው ተነክቶ ሊሆን ይችላል። መግል፣ ትኩሳት፣ እየሰፋ የሚሄድ ቅላት ካየህም እንደዚሁ። ሳትፈልገው ቆሞ ከ4 ሰዓት በላይ አልተኛ ካለ ደግሞ...

«ለጓደኞቼ አወራለሁ።»

«ለጓደኞችህ ስታወራ ውስጡ የታሰረው ደም ኦክስጅን ጨርሶ ሥጋውን ይጎዳዋል። ድንገተኛ ክፍል ነው የምታወራው።»

በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝ። «ለጓደኞችህ የምታወራው ከሆነ ይህን ጨምርበት። እዚህ የሚመጣ ሁሉ ዚፕ ነው ይላል። ዚፕ ሲነክስ ወዲያው ነው፤ ያስጮሃልም። የማያም ቁስል ያለ ምክንያት ብቅ ካለ እሱ ዚፕ አይደለም። ቂጥኝ በአማካይ ከ3 ሳምንት በኋላ ነው የሚታየው፣ ቁስሉም አያምም። ከርክር ደግሞ ያምማል። በ3 ሳምንቱ የሚነክስ ዚፕ እስካሁን አላየሁም።»

ቤት ስደርስ እትዬ ጠርሙስ ይዘው ጠበቁኝ። አረቄ ነው።

«አፍስስበት፤ ጀርሙን ይገድለዋል።»

«እትዬ፣ ጀርሙን የገደለ እኔን ምን ብሎ ይምራል?»

«ፌጦስ?»

«ፌጦ የማያድነው በሽታ ካለ ፌጦ ራሱ ደንግጦ ይሞታል። ይቅርብኝ።»

«እንግዲያው ጤና አዳም ላድርግልህ፤ ስሙ ራሱ ለዚህ የወጣ ነው።»

«አዳም ቅጠል ያደረገው ሊሸፈን ነው እንጂ ሊታከም አይደለም።»

ከሰል ላይ የሚፈላውን ቡናም አልተዉትም፤ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነስንስ አሉኝ። ደም የሚያቆም የሚመስለው ዱቄቱ ቁስሉን ስለሚደፍነው ነው፤ ሥሩ ግን ቆሻሻ ይዞ ይቀመጣል። «ዱቄቱን ያፍሉልኝ፣ ቁስሉን ለቫዝሊን ይተዉለት» አልኳቸው። አፈሉልኝ። ሦስተኛውን ጠጥቼ ተኛሁ።

ተኝቼ አነበብኩ። ከ2002 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ድንገተኛ ክፍሎች ብልታቸውን ዚፕ ይዞት የታከሙ ሰዎች 17,616 እንደሚሆኑ አጥኚዎች ገምተዋል፤ በአዋቂዎች ዘንድ ከብልት ጉዳት መንስኤዎች ዋነኛው የሱሪ ዚፕ ነው። 17,616 ሰው! አዲስ አበባ ስታዲየም ቢገቡ ሚስማር ተራ ላይ ነበር የሚያስቀምጧቸው፤ ለስሙ ሲባል። ዛሬ የምናውቀውን ዚፕ እ.ኤ.አ. በ1913 ያበጀው ጌዲዮን ሰንድባክ የሚባል ስዊድናዊ ነው። የመጽሐፍ ቅዱሱ ጌዲዮን 300 ሰው ይዞ ምድያምን አሸነፈ፤ ይህኛው ጌዲዮን ብቻውን ስንቱን እንደጣለ እዩት።

በአራተኛው ቀን እብጠቱ ቢጫ ሆኖ ሲደበዝዝ ስልክ ተደወለ። ባለ ቪትዙ ጓደኛዬ ነው። ድምፁ ቀጥኗል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለጓደኛዬ ነው።»

«ጓደኛህ ስልኩ ካንተ ጋር አንድ ነው?»

«አትቀልድ። ትናንት ማታ... ከሚስቱ ጋር እያለ ተንሸራተተና አጥንት ላይ መታው። ቋ አለ። ወዲያው ተኛ። አሁን አብጧል፣ ጠቁሯልም። በረዶ ይዟል፤ ሰኞ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ ይላል።»

ቅዳሜ ነበር። ተረቡ ከአፌ ጠፋ።

«ሰኞ አይደለም፤ አሁን ተነስ በለው። ተሰብሯል።»

«አጥንት የሌለው ነገር እንዴት ይሰበራል?»

«ቅስም አጥንት አለው? ይሰበር የለም እንዴ?»

የሚሰበረው ምን እንደሆነ አንብቤ ስለነበር ነገርኩት። ውስጡ ደም የሚሞላቸው ሁለት ዘንጎች አሉ፤ የሚጠቀልላቸው ጠንካራ ነጭ ሽፋን ነው። ሲተኛ 2 ሚሊሜትር የሚወፍረው ይህ ሽፋን ሲቆም ተወጥሮ ከግማሽ ሚሊሜትር ይሳሳል። ያን ጊዜ ድንገት ከታጠፈ ይቀደዳል፤ ድምፅ ያሰማል፤ ደሙ ወደ ቆዳው ሥር ይፈሳል፤ ብልቱ ወዲያው ይተኛል። የፈረንጅ ሐኪሞች ደበርጃን መሰለ ይላሉ፤ እኛ ሰፈር ደበርጃን የሚያበስል ስለሌለ ቀይ ሥር ብላችሁ ያዙት። በረዶ እዚህ ላይ ሕመም ያስታግስ ይሆናል እንጂ የተቀደደ አይሰፋም። የሚሰፋው ቀዶ ሐኪም ነው፤ ቶሎ ሲሰፋ ደህና ይድናል፤ ሲዘገይ ጠባሳው ብልቱን ያጣምመዋል፣ መቆምም ሊያስቸግረው ይችላል።

«ይሄ የሚደርሰው በእኛ ብቻ ነው?» አለኝ። «እኛ» ማለቱን ሰምቼ እንዳልሰማሁ አለፍኩት።

«በኢራን ከርማንሻህ እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት 172 ሰው ነው የተቆጠረው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ጣቱን እንደሚያንቋቋ ሰው በገዛ እጃቸው ሲያጥፉት ነው የሰበሩት።»

«በገዛ እጃቸው?!»

«አየህ፣ ጓደኛህ ከነሱ ይሻላል። ቢያንስ ምክንያት አለው። ሽንቱን ሸንቷል?»

ዝም አለ። «ትንሽ ደም ነበረው።»

«መኪና መንዳት ካልቻለ 907 ይደውል፤ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ይልክለታል። ትንሿን ክሊኒክ እለፋት፤ ቀዶ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ነው የሚያስፈልግህ።»

«ለጓደኛዬ ነው አልኩህ እኮ።»

«ካርድ ክፍል ስትደርስ ጓደኛህ ምን እንደሚል ታውቃለህ? ብልቴ ቋ አለ። ስድስት ፊደል፤ አትጨምር፣ አትቀንስ። ወራጅ አለ እንዳትል፤ እሱ የኔ ነው።»

በዚያው ሌሊት ተሰፋ። ሆስፒታል ብርቱካን ይዤለት ስሄድ ነርሷ ከአንድ ወር በላይ ግንኙነት ክልክል መሆኑን እየነገረችው ደረስኩ። ሚስቱ ከአልጋው ግርጌ ቆማ ጣሪያ ታያለች። እሱ እኔን ሲያይ ፊቱን በአንሶላ ሸፈነ።

«ፑሽኪን በስንት ቀኑ ነበር ያልከኝ?» አልኩት።

ከአንሶላው ሥር መልሱ መጣ፤ «እሱ ብርቱካን ያመጣለት ጓደኛ አልነበረውም።»

በ12ኛው ቀን ጠባሳዬ የቀጭን ክር ያህል ቀርታ ነበር። ሌላኛውን ጂንሴን ይዤ ጋሼ ዘንድ ወረድኩ።

«ዚፑን አውጥተው በቁልፍ ይቀይሩልኝ።»

ሱሪውን ገልብጠው አዩት። «ስንት ቁልፍ?»

«አምስት።»

«ሽንት በቸኮለህ ቀን አምስት ቁልፍ ስትፈታ ሌላ ታሪክ ይዘህ ትመጣለህ።» እንዲህ እያሉ መርፌያቸውን ይከሩ ጀመር። «እኔ የምልህን ስማ። ዚፑ ምንም አላጠፋ። ከሥሩ...»

አልጨረሱትም። ከግቢያችን የቧንቧ ድምፅ ተሰማ፤ መጀመሪያ አየር ተነፈሰ፣ ከዚያ ሳል ያዘው፣ ከዚያ ፈሰሰ። የእትዬ ድምፅ ተከተለ፤ አጥሩን ተሻግሮ፣ ታክሲ የሚጠብቀውን ሰልፍ ሁሉ አዳርሶ፤

«አንተ ልጅ! ውሃ መጥቷል፤ ና ፓንትህን እጠብ!»

ረዳቱ ከታክሲው በር ላይ አንገቱን አውጥቶ «ሰባቱንም?» አለ። ማን እንደነገረው እስካሁን አላውቅም። ጋሼ ግን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ ስፌት መኪናቸው አቀርቅረዋል።